በትንሽ ብር ጥሩ ሌንስ፦ ከጎጃም ፎቶ አንሺዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከእንጅባራ፣ ከፍኖተ ሰላም የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። አንዱ ሰርግ ማንሳት ጀምሯል። አንዷ የምርቃት ሰሞን ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ትሠራለች። ሌላው ቅዳሜና እሁድ ጣና ዳር ወርዶ ወፍ ያነሳል። ሁሉም ያላቸው አንድ ካሜራና ከካሜራው ጋር የመጣ አንድ ሌንስ ነው። ብራቸው ደግሞ አንድ ሌንስ ለመጨመር ብቻ ይበቃል። ያ አንድ ሌንስ የማያስቆጭ እንዲሆን ነው ይህን የምጽፈው።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ብር ሲያጥር መጀመሪያ የሚገዛው ብርሃን ነው፤ ሩቅ ማቅረቢያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ብዙ ሰው ግን ረጅም ዙም ቀድሞ ይገዛና ማታ ሰርግ ቤት ገብቶ ይቸገራል።

ዋጋ በብር አልጻፍኩም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የሌንስ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ከመግዛታችሁ በፊት ቢያንስ ሦስት ቦታ ጠይቁ።

ከካሜራው ጋር የመጣውን 18-55 ሌንስ ልሽጠው?

አትሽጡት። ብትሸጡትም የሚረባ ብር አያወጣም። ቀን ላይ ደግሞ ከሚወራበት በጣም የተሻለ ሌንስ ነው። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 8 ላይ አድርጋችሁ በጠዋት ብርሃን አንሱበት፤ ከውድ ሌንስ ጋር ያለውን ልዩነት ለማየት ፎቶውን በጣም ማጉላት ይኖርባችኋል።

ሌላም ጥቅም አለው። ቀጥሎ ምን መግዛት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው። እስካሁን ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ክፈቱና የፎቶውን መረጃ እዩ። በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሳ ተጽፏል። የወደዳችኋቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ 18 እና 20 ላይ ከሆኑ ሰፊ የሚያሳይ ሌንስ ትፈልጋላችሁ ማለት ነው። 55 ላይ ከተከመሩ ሩቁን ማቅረብ ትፈልጋላችሁ። 35 አካባቢ ከሆኑ እንኳን ደስ አላችሁ፤ ለእናንተ የሚሆነው ሌንስ ከርካሾቹ አንዱ ነው።

ሌንሱ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ምን ይነግሩኛል?

ሁለቱን ካወቃችሁ ይበቃል። የመጀመሪያው ሚሊ ሜትሩ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ቦታ ይገባል፤ ሲበዛ ሩቁ ይቀርባል። ሁለተኛው አፐርቸሩ ነው፤ 1.8 ወይም 3.5-5.6 ተብሎ የሚጻፈው። እዚህ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል።

3.5-5.6 የሚለው ሌንስ 18 ላይ ስትሆኑ እስከ 3.5 ይከፈታል። ወደ 55 ስትስቡት ግን ከ5.6 በላይ አይከፈትም። ዙም ባደረጋችሁ ቁጥር ብርሃን ታጣላችሁ።

ታዲያ መጀመሪያ የቱን ልግዛ?

ሰው የምታነሱ ከሆነ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8። ልጆቹ «ፊፍቲ» የሚሉት ነው። ካኖን፣ ኒኮንም ሆነ ሶኒ የየራሳቸው አላቸው። የካኖኑ ኢኤፍ 50 ኤስቲኤም እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ዋጋው 130 ዶላር ገደማ ነበር። ክብደቱ 160 ግራም ብቻ ነው።

ለምን እሱ? አንድ የመሸ ሰርግ አስቡ። ድንኳኑ ውስጥ ጥቂት አምፖሎች ተንጠልጥለዋል። ሙሽሮቹ ድፎ ዳቦውን ሊቆርሱ ቢላዋውን አብረው ይዘዋል። እናንተ 18-55ቱን 55 ላይ አድርጋችሁ ታያላችሁ። አፐርቸሩ 5.6 ነው። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 አድርሳችሁት እንኳን ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/25 ሰከንድ ይላል። በዚህ ፍጥነት የሙሽራዋ እጅ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ብዥ ይላል። ፈገግታዋም እንደዚያው።

አሁን ፊፍቲውን ግጠሙ። በ1.8 እና በ5.6 መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ከ9 እጥፍ በላይ ነው። በዚያው አይኤስኦ፣ በዚያው አምፖል፣ ሹተራችሁ 1/250 አካባቢ ይደርሳል። እጁም ፈገግታውም ቆሞ ይወጣል። ካሜራው አልተቀየረም። ብርሃኑ ብቻ ነው የጨመረው።

ከጀርባ ያለው ወንበርና ጠርሙስ መጥፋቱ ተጨማሪ ነው። ሰው ፊፍቲን የሚወደው በዚያ ነው፤ እኔ ግን በብርሃኑ ነው የምመክረው።

ፊፍቲ ገዛሁ፤ ግን ቤት ውስጥ ሰው አይገባልኝም። ምን ላድርግ?

ትክክል ናችሁ፤ ጠባብ ነው። አብዛኞቻችን የያዝናቸው ካሜራዎች ሴንሰራቸው (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ከፉል ፍሬም፣ ማለትም የድሮውን ፊልም ከሚያህለው ትልቁ ሴንሰር፣ ያንሳል። በካኖን 1.6፣ በኒኮንና በሶኒ 1.5 እያባዛችሁ አስቡት። ስለዚህ በእነዚህ ካሜራዎች ላይ 50ው እንደ 75 ወይም እንደ 80 ነው የሚያሳየው።

በሜትር ልንገራችሁ። ከሙሽሮቹ 3 ሜትር ርቃችሁ ብትቆሙ በ50 የሚገባላችሁ ወርድ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው። ሁለት ሰው፣ ያውም ተጠጋግቶ። በ24 ከዚያው ቦታ ወደ 2 ሜትር ከ80 ይገባል። በ18 ደግሞ 3 ሜትር ከ70። ሙሽሮቹን ከነሚዜዎቻቸው ጠባብ ሳሎን ውስጥ በፊፍቲ አነሳለሁ ማለት ግድግዳ አፍርሶ ወደ ኋላ መሄድ ነው።

ስለዚህ ሥራችሁ በብዛት ቤት ውስጥ ከሆነ ከ50 በፊት 35ን አስቡ። ለኒኮን ትንሹ ሴንሰር የተሠራው 35 ኤፍ 1.8 ጂ ዲኤክስ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ስላለ ያገለገለው በቀላሉ ይገኛል። በእኔ እምነት ኒኮን ለያዘ ሰው ከ50ው ይቀድማል። ለካኖን ይህን የሚያህል ርካሽና ብሩህ 35 ከራሱ ከካኖን የለም። ዮንግኑዎ የሚባለው የቻይና ሥሪት 35 ኤፍ 2 አለው። ካኖንም ኢኤፍ-ኤስ 24 ኤፍ 2.8 የሚባል ኪስ የሚገባ ስስ ሌንስ አለው። 24ቱ ከ18-55ቱ እዚያው ቦታ ላይ የሚያስገባውን ብርሃን እጥፍ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። ለመንገድ፣ ለገበያ፣ ለቡና ሥነ ሥርዓት ግን እወደዋለሁ። ትንሽ ስለሆነ ሰው አይደነግጥበትም።

በ1.8 የቡድን ፎቶ ሳነሳ የኋላው ሰው ብዥ ይላል። ሌንሱ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። በ1.8 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ትንሽ ነው። ትንሽ ሴንሰር ባለው ካሜራ በ50 ሌንስ ከ2 ሜትር ላይ ብታነሱ ጥርት የሚለው 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሙሽራዋ ዓይን ጥርት ብሎ ጆሮዋ ሊለሰልስ ይችላል።

ቡድን ሲሆን አፐርቸሩን 4 ወይም 5.6 ላይ አድርጉና ራቅ በሉ። በ4 ከ4 ሜትር ላይ ወደ 1 ሜትር ጥልቀት ታገኛላችሁ። ሁለት ረድፍ ሰው በደንብ ይይዛል። ፎከሱን ከፊት ረድፍ ሰዎች ላይ አድርጉ። የጎጃም ቤተዘመድ ፎቶ ሲባል እናትና አባት፣ አያት፣ አክስት፣ የክርስትና አባት ሁሉ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ሦስት ረድፍ ከሆነ 8 ላይ አድርጋችሁ ደጅ አውጧቸው።

ሌንሱ ካሜራዬ ላይ እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ?

ብር ከሚባክንባቸው ቦታዎች ዋናው ይኼ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ካኖን ከሆናችሁ ካሜራው አፍ ላይ ያለውን ምልክት እዩ። ቀይ ነጥብ ኢኤፍ ነው። ነጭ አራት ማዕዘን ኢኤፍ-ኤስ ነው። እንደ 600ዲ፣ 70ዲ፣ 2000ዲ ያሉት ሁለቱም ምልክት አላቸው፤ ሁለቱንም ይቀበላሉ። 5ዲ እና 6ዲ ግን ቀይ ነጥብ ብቻ ነው ያላቸው፤ ኢኤፍ-ኤስ አይገጥምባቸውም። ወደፊት 6ዲ ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ከአሁኑ ይወቅ።

ኒኮን ላይ ወጥመዱ ሌላ ነው። ሌንሱ ይገጥማል፤ ግን አውቶ ፎከስ ላይሠራ ይችላል። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም። «ኤኤፍ» ብቻ የተጻፈበት የቆየ ሌንስ፣ ለምሳሌ 50 ኤፍ 1.8 ዲ፣ እነሱ ላይ በእጅ ብቻ ነው ፎከስ የሚደረገው። ሻጩ «አዎ ይገጥማል» ሲላችሁ እውነቱን ነው። እናንተ መጠየቅ ያለባችሁ «ፎከሱስ ይሠራል?» ብላችሁ ነው። «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ፈልጉ። አዲሶቹ «ኤኤፍ-ፒ» ሌንሶች ደግሞ እንደ ዲ90 እና ዲ3100 ባሉ ቆየት ያሉ ካሜራዎች ላይ አይሠሩም።

ካሜራው ውስጥ መስታወት የሌላቸውን (ሚረርለስ) አዲሶቹን የካኖን አር ካሜራዎች ለያዘ ሰው ጥሩ ዜና አለ። በካኖን አዳፕተር የድሮዎቹ ኢኤፍ እና ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች ከነአውቶ ፎከሳቸው ይሠራሉ። ርካሽ ያገለገለ ሌንስ ገዝቶ አዳፕተር መጨመር ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ያገለገለ ሌንስ ልግዛ? ምንስ ላጣራ?

ግዙ። ሌንስ እንደ ስልክ በሁለት ዓመት አያረጅም። ግን ሳትሞክሩ አትክፈሉ። ካሜራችሁንና ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ ሁለቱንም ክዳን ክፈቱ። የስልኩን መብራት ከኋላ አብሩበትና ከፊት በኩል አዘንብላችሁ ተመልከቱ። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ካያችሁ አትጨነቁ፤ ፎቶ ላይ አይታይም። ቀጫጭን፣ ቅርንጫፍ ያላቸው፣ እንደ ሸረሪት ድር የተሰራጩ ክሮች ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው። መስታወቱ በሙሉ ጉም የለበሰ ከመሰለም ተዉት። ሁለቱም ፎቶውን ያደበዝዛሉ፤ ማስጸዳቱም ከርካሽ ሌንስ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ከፊት መስታወት ላይ ያለች አንዲት ቀጭን ጭረት ያን ያህል አትጎዳም። የኋላ መስታወት ጭረት ግን ይጎዳል።

ቀጥሎ ካሜራችሁ ላይ ግጠሙት። አፐርቸሩን 8፣ ሹተሩን 2 ሰከንድ ላይ አድርጉ። ከፊት እያያችሁ ክሊክ አድርጉ። ውስጥ ያሉት ምላጮች ቶሎ ተዘግተው ሲያልቅ ቶሎ መከፈት አለባቸው። ቢንቀራፈፉ ወይም ዘይት ቢታይባቸው ተዉት።

ከዚያ ፎከስ። ቅርብ ያለ ነገር ላይ፣ ቀጥሎ መንገድ ማዶ ያለ ታርጋ ላይ፣ መልሳችሁ ቅርቡ ላይ። ደጋግሙት። መብራት በጠፋበት ክፍል ውስጥም ሞክሩ፤ በተለይ የቻይና ሥሪት ርካሽ ሌንስ ከሆነ። በመጨረሻ አፐርቸሩን እስከ ጫፍ ከፍታችሁ የጡብ ግድግዳ ወይም የተዘረጋ ጋዜጣ ፊት ለፊት አንሱና አራቱንም ማዕዘን አጉልታችሁ እዩ። አንዱ ጎን ብቻ ብዥ ካለ ሌንሱ ወድቆ ያውቃል። የተቦጫጨሩ ብሎኖች ካያችሁም አንድ ሰው ከፍቶታል።

አንድ ነገር እንዳያስደነግጣችሁ። የካኖን ኤስቲኤም ሌንሶች የፎከስ ቀለበት የሚሠራው ካሜራው በርቶ እያለ ነው። ጠፍቶ ብታዞሩት ምንም አይሆንም፤ ጤነኛ ነው። አፍንጫው ወጥቶ ካሜራው ከጠፋም በእጅ ገፍታችሁ አታስገቡት። አብሩና ሩቅ ነገር ላይ ፎከስ አድርጉ፤ ራሱ ይገባል።

ሻጩ አዲስ አበባ ሆኖ በቴሌግራም ከሆነ የምትገናኙት፣ እዚያ ያለ የምታምኑት ሰው ይሂድላችሁና ይህንኑ ሁሉ ያድርግ። በዚያው ሌንስ የተነሳ ፎቶ ሳይጨመቅ እንደ ፋይል ይላክላችሁ። «ቀብድ ጣሉ፣ በአውቶብስ እልካለሁ» ለሚል ሰው ብር አትላኩ።

የጣናን ገዳማት ሥዕሎች ለማንሳት የትኛው ይሻላል?

እዚህ ላይ መልሴ ከሰርጉ ይለያል። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቡ ሥዕሎቹ ያሉት የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። እናንተ የምትቆሙት በዙሪያው ባለው ክብ መተላለፊያ ነው። ወደ ኋላ መሸሻ ቦታ የለም። ስለዚህ 50 አይረዳም። ሰፊ ያስፈልጋል።

ደግሞም ሥዕል አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የ1.8 ብርሃን ግዴታ አይደለም። ሌንሱ ላይ አይኤስ ወይም ቪአር የሚል ካለ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ይይዝላችኋል። 18 ላይ 1/10 በሚያህል ሹተር ዓምድ ተደግፋችሁ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ብታነሱ ጥርት ብሎ ይወጣል። ያ ማረጋጊያ የሰውን እንቅስቃሴ እንደማያቆም ግን አትርሱ። ለቆመ ነገር ነው። ለእስክስታ አይሆንም።

ካኖን ለያዘና ይህን ሥራ ለሚያዘወትር ሰው ኢኤፍ-ኤስ 10-18 ተመጣጣኝ ነው። ማረጋጊያ አለው፣ ቀላል ነው፣ ከሰፊዎቹ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው። ለአንድ ጊዜ ጉብኝት ግን 18-55ቱ ይበቃል።

አባቶችን ሳታስፈቅዱ ካሜራ አታውጡ። ፍላሽ በፍጹም አትጠቀሙ። የቀለሙ ዕድሜ ከእኛ ፎቶ ይበልጣል። እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት አሉ፤ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቁ።

ለጮቄ፣ ለዓባይ በረሃ፣ ለጢስ ዓባይስ?

አዲስ ሌንስ አያስፈልጋችሁም። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ጠዋት ላይ ያለው ብርሃን ንጹሕ ነው። ጅብራውን ከፊት አድርጋችሁ በ18፣ በኤፍ 8 ወይም 11 አንሱ። ለዚህ ሥራ ከሌንስ ይልቅ ሌሊት መነሳት ነው የሚያስፈልገው።

ደጀን ላይ ቆማችሁ የዓባይን ሸለቆ ስታነሱ ደግሞ ሰፊው ሌንስ ሁሉንም ነገር ያሳንሰዋል። ተራራው የመሬት ሽብሽብ ይሆናል። እዚያ 55-250 ያለው ሰው ይጠቀም። የገደሎቹ ረድፍ ተደራርቦ ይታያል፤ የሸለቆው ግዝፈት የሚወጣው ያኔ ነው።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክረምት ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ውሃው እንደ ሐር እንዲለሰልስ ከፈለጋችሁ ሹተሩን 1/4 ያህል ማዘግየት አለባችሁ። ለዚያ የሚያስፈልገው ትሪፖድና ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር ነው። ፍንጣቂው ስለሚያረጥብ ደረቅ ጨርቅ በኪሳችሁ ያዙ።

ለእንጅባራ ፈረሰኞችና ለጣና ወፎች ርካሽ ዙም አለ?

አለ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበረው በቀን ብርሃን ነው። ስለዚህ ኤፍ 5.6 አይከብዳችሁም። የካኖን 55-250 ኤስቲኤም ለዚህ የተፈጠረ ያህል ነው። ሹተሩን 1/1000 አድርጉ፣ አይኤስኦውን ለካሜራው ተዉት፣ ፎከሱን ተከታታይ ላይ አድርጉ። የሚጋልበውን ፈረስ ግማሽ መንገድ ላይ ሳይሆን ገና ሲነሳ ጀምራችሁ ተከተሉት። አቧራው ከኋላው ሲነሳ ክሊክ።

ካኖን 75-300 የሚባልም አለ። ቁጥሩ ይበልጣል፣ ዋጋውም ይማርካል። ግን ማረጋጊያ የለውም። እኔ 55-250ውን እመርጣለሁ። ኒኮን ላይ 70-300 ኤኤፍ-ፒ ዲኤክስ አለ፤ ሁለት ዓይነት ስለሆነ ቪአር የሚለውን ፈልጉ።

250ው በካኖን ትንሽ ሴንሰር ላይ እንደ 400 ያሳያል። ለፔሊካንና ለአሣ አዳኝ ንስር ይበቃል። ለትንንሽ ወፎች ግን ያጥራል። መፍትሔው ትልቅ ሌንስ መመኘት አይደለም፤ መጠጋት ነው። የታንኳ ቀዛፊዎቹ ወፎቹ የት እንደሚያርፉ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ተስማሙና አብራችሁ ውጡ። ጉማሬ ካያችሁ ግን መጠጋት የሚባል ነገር የለም።

አባቴ የድሮ ዜኒት ካሜራ አለው። ሌንሱ ይሠራልኝ ይሆን?

ካኖን ካላችሁ በደንብ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ዜኒት ላይ ያለው ሄሊዮስ 44 ነው፤ 58 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2። ማውንቱ (ካሜራው ላይ የሚገጥምበት አፍ) በብሎን የሚጠብቅ ኤም 42 ነው። ቀለበት አዳፕተሩ ርካሽ ነው። ፎከሱም አፐርቸሩም በእጅ ነው። ስክሪኑን 10 እጥፍ አጉልታችሁ ዓይን ላይ ፎከስ አድርጉ። ለተረጋጋ ሰው ፎቶ በጣም ያምራል። ለሚጨፍር ሚዜ አይሆንም።

ኒኮን ከሆናችሁ ተጠንቀቁ። ኤም 42 ሌንስ ከሴንሰሩ 45.46 ሚሊ ሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ነው የተሠራው። የኒኮን ርቀት 46.5 ነው። አዳፕተሩ ውስጥ መስታወት ከሌለ ሩቅ ነገር ላይ ፎከስ አያደርግም። ካኖን ላይ ርቀቱ 44 ስለሆነ ይህ ችግር የለም።

ቀለበት፣ ጥልፍ፣ የቡና ፍሬ ቀርቤ ላንሳ። ማክሮ ሌንስ ግን ውድ ነው።

ማራዘሚያ ቱቦ ግዙ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ሌንሱን ከካሜራው ያርቀዋል፣ በዚያ ምክንያት ቀርባችሁ ታነሳላችሁ። ፊፍቲ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ ብትጨምሩ የነገሩን መጠን ከግማሽ በላይ አድርጎ ሴንሰሩ ላይ ያሳርፈዋል። ሙሽራዋ ቀለበት ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። ቱቦው የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥቦች ያሉት ይሁን፤ ከሌሉት ካኖን ላይ አፐርቸሩን መቆጣጠር አትችሉም።

ክረምት ላይ ሌንሴ ሻጋታ ያዘ። እንዴት ልከላከል?

ባሕር ዳር ክረምቱን እርጥበት ነው። አየሩ ከ60 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ሲቆይ ሻጋታ ይመቸዋል። ጨለማና የታፈነ አየር ደግሞ ያግዘዋል። ቆዳ ቦርሳ ውስጥ ዘግቶ ከሰኔ እስከ መስከረም ማስቀመጥ ለሻጋታ ቤት ሠርቶ መስጠት ነው።

ጥሩ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ ውስጡ ሲሊካ ጄል። ጫማና መድኃኒት ካርቶን ውስጥ የምናገኛቸው ትንንሽ ከረጢቶች ቶሎ ይሞላሉ፤ ቀለሙን የሚቀይረውን ዓይነት ካገኛችሁ ሲሞላ ያሳውቃችኋል። አሙቃችሁ አድርቃችሁ መልሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ሌንሱንም በየሳምንቱ አውጥታችሁ ሥሩበት፤ ብርሃንና አየር ይወዳል። ሩዝ ውስጥ አትቅበሩት፤ ዱቄቱ ይገባል።

ከጮቄ ብርድ ወርዳችሁ ሞቅ ያለ ቤት ስትገቡ ካሜራውን ቶሎ ከቦርሳው አታውጡ። መስታወቱን ጤዛ ይይዘዋል። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ይሙቅ።

በጋ ላይ ጠላታችን አቧራ ነው። በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉ። መጀመሪያ በእጅ በሚጨመቅ መንፊያ ንፉ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ፣ ጨርቅ የመጨረሻው ነው።

ካሜራ ልቀይር ወይስ ሌንስ ልጨምር?

ሌንስ። ካኖን ኢኤፍን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ያኔ የተሠራው ሌንስ ዛሬም ይገጥማል። የካሜራው አካል በመካከሉ ስንት ጊዜ ተቀይሯል። 600ዲ ላይ ያለ ፊፍቲ ማታ ሰርግ ላይ 80ዲ ላይ ካለ 18-55 የተሻለ ይሠራል።

ፍላሽስ?

ሰርግ ላይ ከሁለተኛው ሌንስ በፊት አንድ ርካሽ ፍላሽ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ፊት ላይ በቀጥታ አታብሩት። ነጭ ጣሪያ ወይም ነጭ ድንኳን ካለ ወደ ላይ አዙሩት፤ ብርሃኑ ለስልሶ ይወርዳል። ካኖን 2000ዲ እና 4000ዲ የያዛችሁ ግን ፍላሽ ከመግዛታችሁ በፊት ካሜራችሁ ላይ ሞክሩት። የፍላሽ መግጠሚያው መሃል ላይ ያለችው ነጥብ ስለሌላቸው ብዙ ርካሽ ፍላሾች አይበሩባቸውም።

ምን ዓይነት ፊልተር ያስፈልገኛል?

አንድ ፖላራይዘር። የጣናን ውሃ ነጸብራቅ ይቀንሳል፣ ከዝናብ በኋላ ያለውን ቅጠል አረንጓዴነቱን ያወጣዋል። እያዞራችሁ ነው የምታዩት። ብርሃን ስለሚበላ ቤት ስትገቡ አውልቁት። መጠኑን ሌንሱ ፊት ላይ ታገኙታላችሁ። የካኖን 18-55 ኤስቲኤም እና 55-250 ኤስቲኤም ሁለቱም 58 ናቸው። ፊፍቲው 49 ነው። 58ቱን ገዝታችሁ ከ49 ወደ 58 የሚያሳድግ ቀለበት ጨምሩ፤ አንዱ ፊልተር ለሦስቱም ይሆናል።